ሲስተር አስካለ ዓይናቸውን ያስረከቡ ዕለት

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አሰበ ተፈሪ

ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ፣ በጀርባዬ አዝዬ ከቤት ስወጣ ጨለማው ገና አልገፈፈም። ዘንቢሌ ውስጥ ዳቦ፣ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት ውሃ በጠርሙስ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ሳሙናና አንድ ደብተር ነበር። ሐኪም ፊት ስቀርብ የማውቀው ሁሉ ከአእምሮዬ ይጠፋል። ስለዚህ በየደረስንበት ቦታ ሰዓቱንና የልጄን ሁኔታ ልጽፍ ወሰንኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ሰዓትና ትኩሳት ለመጻፍ ግን ይበቃል። ይህን የምታነቡትንም ያወጣሁት ከዚያው ደብተር ነው።

የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሰናይት። ዕድሜ አራት። ትኩሳት የለም። ዳቦ በልታለች። ደህና አይደለችም።»

ችግሩ ይኸው ነበር። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ደህና ግን አይደለችም። ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ምን ሆነች ብባል መልስ የለኝም። ከተማችን ያለው ሐኪም አፏን አስከፍቶ አየ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ ሆዷን ጫን ጫን አደረገና ጤነኛ ናት ብሎ ሸኘኝ። ባለቤቴ ተፈራ ደግሞ የታመምሽው አንቺ ነሽ አለኝ። ተፈራ ክፉ ሰው አይደለም፤ የእህል መጋዘን ዘበኛ ስለሆነ እንቅልፍ ያንሰዋል።

ስለ ሲስተር አስካለ የነገረችኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። ጫት ስትነግድ ያልረገጠችው መንደር የለም። ከመቻራ ወዲያ ባለች አንዲት የቡና መንደር የሚሠሩ ነርስ አሉ፣ ዶክተር አይደሉም፣ ግን ዶክተሮቹ ራሳቸው የጨነቃቸውን በሽተኛ ወደ እሳቸው ይልካሉ አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ሲስተሯ ወደ ቦርደዴ መዛወራቸውንና ሐሙስ እንደሚወጡ ጨመረችልኝ። ቦርደዴ ለእኛ ቅርብ ነው። ነገር ግን የተዛወረ ሰው ቦታውን ይዞ በሽተኛ ማየት እስኪጀምር ወር ሊሞላው ይችላል። እኔ ወር መጠበቅ አልችልም ነበር። ከሐሙስ በፊት መድረስ አለብኝ።

በዚያ በደርግ ጊዜ ያለ ቀበሌ ይለፍ ከከተማ መውጣት አይቻልም። የቀበሌው ጸሐፊ የጉዞሽ ምክንያት ምንድን ነው አለኝ። ልጄ ታማብኝ አልኩት። ሕመሟ ምንድን ነው አለኝ። አላውቀውም አልኩት። ጥቂት አሰበና «ያልታወቀ ሕመም ፍለጋ» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የበዴሳ መንገድ

ስኳርና ጨው ወደ ቡናው አገር የሚወስድ የጭነት መኪና አገኘን። ሾፌሩ አብዲ ይባላል፤ በአንድ ጉንጩ ጫት ይዞ፣ በሌላው ጉንጩ ያወራል። ለእኔ ሦስት ብር አስከፈለኝና ለልጅቷ አልጠየቀም፤ ከፊት ጋቢና አስቀመጠን። መንገዱ ይጠማዘዛል። በአንድ በኩል እርከን ላይ የቆመ ማሽላ፣ በሌላው በኩል ገደል። እኔ የማየው ገደሉን ብቻ ነበር።

አብዲ ሰናይትን አየት አደረጋትና «እትዬ፣ የታመመችው የትኛዋ ናት?» አለኝ።

«እሷ ናት።»

«ወላሂ እኔ እናንተን ሁለታችሁን አይቼ ብፈርድ፣ እሷን ትቼ አንቺን ነበር ሐኪም ቤት የማደርሰው።»

ኬላ ላይ አንድ ፖሊስ ይለፌን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብሎ ለጓደኛው አነበበለት። ጓደኛው መኪናው ላይ ወጥቶ በጆንያዎቹ መሀል ፈተሸ፤ ምን እንደሚፈልግ ግን አልገባኝም። ሲወርድ ያልታወቀ ነገር አላገኘሁም አለና አሳለፈን።

ደብተር፦ «በዴሳ። ሙዝ በልታለች። አፏን ከፍታ ተኝታለች። ትኩሳት የለም።»

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ መቻራ

ከገለምሶ ወዲያ መንገድ ማለት ከባድ ነው። መኪናው እንደ ፈረስ ይዘላል፣ እኛም አብረን። መቻራ ስንገባ የቡና ሰብሳቢዎቹ ግቢ ሁሉ በጆንያ ተሞልቷል። ያደርነው የዘይነባ አክስት ቤት ነው። አክስቲቱ ለልጄ የሞቀ ወተት ሰጠቻት። ሰናይት ጠጣችው። ወተቱ ታች በኩል ተቃጥሎ ስለነበር እኔ መዋጥ አቃተኝ። ሰናይት ግን ጨርሳ ጨምሪልኝ አለች። ይህንን በደብተሬ አልጻፍኩትም፤ መጻፍ ነበረብኝ።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ መንደሯ

የመንደሯን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቿ ደጎች ስለሆኑ ማንም እንዲስቅባቸው አልፈልግም። ከመቻራ በእግር ሁለት ሰዓት ነው።

ጤና ጣቢያው ግቢ ስገባ በሽተኛ በሽተኛ የሚመስል ሰው አልነበረም። ዋንዛው ሥር ጠረጴዛ ወጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ መዝገብ፣ ማኅተምና ያልተጠጣ ሻይ አለ። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከፊት ለፊት መንደሩ በሙሉ ሣር ላይ ተቀምጧል። ራቅ ብለው በርጩማ ላይ አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ወፍራም ሴት ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ዛፉ ግንድ አዙረው ይታያሉ። ሲስተር አስካለ እሳቸው ነበሩ።

ሮጬ ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ከጠረጴዛው አንዱ ሰው ተነሥቶ መሀላችን ገባ። የንብረት ክፍሉ አቶ ኢብሮ ነበሩ። ትሕትና ያላቸው፣ እርሳስ በጆሯቸው የሰኩ ሰው ናቸው።

«እኅቴ፣ ሲስተር አያዩሽም» አሉኝ። «ዓይናቸውን አስረክበዋል።»

ነገሩን በኋላ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ከዓመት በፊት እዚያ የሠራ አንድ ሰው ሲዛወር የጤና ጣቢያውን ማዳመጫና የበሩን ቁልፍ ይዞ ሄዶ ነበር። ከላይ የመጣ አለቃ አቶ ኢብሮን በሰው ፊት ተቆጣቸው፤ ከእንግዲህ ሥራው የሚሠራበት ነገር በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በርክክብ ካልሆነ ከግቢው እንዳይወጣ ብሎ በጽሑፍ ሰጣቸው። አቶ ኢብሮም የጽሑፍ ሰው ናቸው። በዚያ ጠዋት መርፌው፣ አልጋው፣ ባልዲው ተቆጥሮ ለአዲሱ ጤና ረዳት ለጓድ ደምሴ ተላለፈ። ሊፈራረሙ ሲሉ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ከሣሩ ተነሡ። መርፌውማ ለማንም ይታዘዛል፣ እዚህ ሥራው የሚሠራው በሲስተር ዓይን ነው፣ እሱን ካልተረከባችሁ ምን ተረከባችሁ አሉ። አንዲት ሴት ተነሥታ እጃቸውስ አለች። ሌላው ጆሯቸውስ አለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ትክክል ነው አሉ። አቶ ኢብሮ ደብዳቤውን እንደገና አነበቡ። ሥራው የሚሠራበት ነገር በሙሉ ይላል። ስለዚህ ጻፉት።

መዝገቡን አሳይተውኛል። ጽሑፋቸው ያምራል። «ተራ ቁጥር አርባ አንድ፦ በዓይን ማየት። ብዛት ሁለት። ሁኔታ፦ ጥሩ።» «አርባ ሁለት፦ በጆሮ ማዳመጥ። ብዛት ሁለት። ግራው ትንሽ የደከመ።» «አርባ ሦስት፦ በእጅ ነክቶ ማወቅ። ብዛት አሥር ጣት።» «አርባ አራት፦ ሰው ከበር ሲገባ ከአረማመዱ መለየት። ብዛት አንድ።» ለእያንዳንዱ ሲስተር አንድ በሽተኛ ይዘው ለጓድ ደምሴ አሳይተዋል። ጓድ ደምሴ ገብቶኛል ብሎ ፈርሟል። ያስረከበ ሰው ደግሞ ባስረከበው ንብረት አይገለገልም። ሲስተር ወደ ዛፉ የዞሩት እንዳያዩ ነው።

እኔ ሁለት ቀን ተጉዤ የመጣሁት ለዚያ ዓይን ነበር።

ለሊቀመንበሩ ለመንኳቸው። ልጄን አንዴ ብቻ ዞር ብለው ይዩልኝ አልኩ። ሊቀመንበሩ አዘኑልኝ፤ ከዚያም ዓይኑ የትም አልሄደም፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጓድ ደምሴ ዘንድ አለ አሉኝ።

ጓድ ደምሴ ፀጉሩ የሳሳ፣ ከእኔ ይልቅ የሚፈራ ሰው ነው። ሰናይትን ጠረጴዛው ላይ፣ መዝገቡ አጠገብ አስቀመጣት። አፏን አስከፈተ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ ሆዷን ጫን ጫን አደረገ። መንደሩ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ አየው። ጤነኛ ናት አለ። አቶ ኢብሮም የሚጽፉት መስሏቸው እርሳሱን አወረዱ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንግዲህ ተፈራ ልክ ነው፣ የታመምኩት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ወይም ልጄ ታማለች፣ የሚያውቅላት ሰው ግን በዓለም ላይ የለም።

ይህን ጊዜ ሲስተር አስካለ ከዛፉ ሳይዞሩ ተናገሩ። «አቶ ኢብሮ፣ ሳላስረክብ የቀረ ነገር የለም?»

አቶ ኢብሮ ገጹን ገለጡ። አንድ ቀርቷል አሉ። ብዙ ሰው መስክሮለታል፣ ስሙን ግን የሚያውቅ ስላልተገኘ አልተጻፈም። ሰዎቹ «ምንም ሳይሉ የሚያደርጉት ነገር» ብለው ነበር።

«እሱ እንግዲህ ገና የእኔ ነው» አሉና ሲስተር በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ጀርባቸውን ለልጄ ሰጥተው እኔ አጠገብ፣ ጉልበታቸው ትከሻዬን እስኪነካ ድረስ ቀርበው ተቀመጡ። ስሟን ጠየቁኝ፤ ሰናይት አልኳቸው። ከዚያ ዝም አሉ።

ደብተሬን አውጥቼ አነበብኩላቸው። አሰበ ተፈሪ፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ መቻራ። ሙዙን፣ ዳቦውን፣ ትኩሳቱን። አነበብኩና ጨረስኩ። ዝም አሉ። የማወራው ጠፋኝና ስለ ተፈራ እንቅልፍ ነገርኳቸው። ዝም። ጓድ ደምሴ ሊናገር አፉን ሲከፍት አቶ ኢብሮ እጁን ያዙት። አንድ ዶሮ ጠረጴዛው ሥር መሬቱን ትጭራለች። እንደዚያ ሰው ሳይቸኩልብኝ የጠበቀኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ዝምታቸው ከእኔ መልስ የሚፈልግ አይመስልም፤ ጊዜ አለን የሚል ነበር።

ከዚያ ከአፌ ወጣ። «ሲስተር፣ ልጄ ትሸታለች።»

ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለተፈራም፣ ለሐኪሙም። ሐኪም ቤት የሄድን ዕለት ጠዋት ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥቤያታለሁ። ልጇን የማታጥብ እንዳልባል። ሐኪሙ ያየው ታጥባ፣ ተለቅልቃ፣ ቅባት ተቀብታ ነው። መንደሩ በሙሉ ፊት ይህን ስናገር ዓይኔን ከመሬት አላነሣሁም። አንድም ሰው አልሳቀም።

ሲስተር አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ከየት በኩል?»

አላውቅም ልል ስል አወቅኩት። ነጠላዬን አየሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእሱ የምጠርግላት ቀኝ አፍንጫዋን ብቻ ነበር።

«ከቀኝ አፍንጫዋ» አልኩ።

«ጓድ ደምሴ» አሉ ሲስተር፣ አሁንም ሳይዞሩ። «ዓይኑ እርስዎ ዘንድ ነው። ባትሪውም ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ አለ። ቀኝ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርገው ይዩልኝ።»

ባትሪውን አበራ። ዝቅ ብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር፤ ስጦታ እንደተቀበለ ሰው። የሆነ ነገር አለ፣ ክብ ነገር አለ አለ። መቆንጠጫ ሊያነሣ ሲል ሲስተር ከለከሉት፤ በመሣሪያ ከተገፋ ወደ ውስጥ ይገባል አሉ። ለእኔ ነገሩኝ። ልጅሽን እቀፊያት፣ ግራ አፍንጫዋን በጣትሽ ያዢው፣ እንደምትስሚያት አድርገሽ አፍሽን በአፏ ላይ ግጠሚ፣ አንድ ጊዜ አጠር አድርገሽ ንፊ።

ነፋሁ። አልወጣም። ሰናይት ጨዋታ መስሏት ሳቀች። እንደገና ነፋሁ።

ቦሎቄ ነበር። አብጦ፣ ቅርፊቱ ተከፍቶ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ቡቃያ አውጥቷል። ዘልሎ የወደቀው መዝገቡ ላይ ነው። ሽታው ሲወጣ ሊቀመንበሩ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ሐጂው አልሐምዱሊላህ አሉ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሰናይት ደግሞ ቦሎቄዋን መልሱልኝ ብላ ታለቅሳለች።

አቶ ኢብሮ ለቅሷችን እስኪበርድ ጠበቁና፣ «ሲስተር፣ ይህ መንፋት በየትኛው ተራ ቁጥር ነው?» አሉ።

«የእናትየው ነው» አሉ ሲስተር። «እሱን ይዛው ትሂድ።»

ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እዚያው

ሲስተር በሰናይት አፍንጫ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ እንዲታይ፣ እንዲታጠብም ለጓድ ደምሴ እየነገሩ፣ ጓድ ደምሴም እየሠራ ጊዜው ሄደ። ርክክቡ ግን አላለቀም፤ ስሙ ያልታወቀው ነገር ገና አልተላለፈም።

ጓድ ደምሴ ልሞክር አለ። ወገባቸውን የሚያማቸው አንድ አባት ቀረቡለት። አጠገባቸው ተቀመጠና ዝም አለ። አባትየው ዝም። እሱም ዝም። ጉሮሮውን ጠረገ። እግሩን አነባበረ። ከዚያ አላስቻለውም፤ «ሆድዎን ነው?» አላቸው። ሕዝቡ ሳቀ። ሁለተኛ ሞከረ። በዚህኛው አባትየው ራሳቸው ተጨነቁለትና «ልጄ፣ አንተስ ምን ሆንክ?» አሉት።

ጓድ ደምሴ ተነሥቶ ቆመ። ይህንን ተረክቤያለሁ ብዬ አልፈርምም አለ። ሌሎቹንም የፈረምኳቸው አፍሬ ነው፣ ዓይኑም ቢሆን በእጄ የገባው ገና አሁን፣ ልጅቷ አፍንጫ ላይ ነው አለ። ሲስተር አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩት። አቶ ኢብሮ እንኳ አልተቃወሙም።

ሊቀመንበሩ መኪናው ነገ ይሄዳል እያሉ ይጨነቃሉ። ንብረቱ ካልተላለፈ ሲስተር አይወጡም፤ ካልወጡ ቦርደዴ ያለው በሽተኛ ይጠብቃል። አቶ ኢብሮ ደብዳቤውን ለአራተኛ ጊዜ አነበቡና መላ አገኙ። በርክክብ ካልሆነ አይወጣም ይላል እንጂ በውሰት አይወጣም አይልም። ወረቀት አወጡ፤ ጻፉ፤ «በዓይን የማይታይ ዕቃ፣ ብዛት አንድ፣ በውሰት ወደ ቦርደዴ የተላከ» ብለው ማኅተም መቱበት። ጓድ ደምሴ ልምዱ ሲደርስለት ሄዶ ይረከባል ተባለ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ኬላ

አብዲ መቻራ ላይ ቡና ጭኖ ሲመለስ አገኘነው። ሲስተር ጋቢናው ውስጥ በእኔና በበሩ መካከል ተቀምጠዋል። ደብተሬ «አፏን ገጥማ ተኝታለች» ይላል። ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ኬላው ላይ የነበረው ሌላ ጠባቂ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርት የለበሰ። የሲስተርን ወረቀት አነበበ። ዕቃውን አሳዩኝ አለ። አብዲ በዓይን አይታይም ተብሎ ተጽፏል እኮ አለው። ጠባቂው ሳላይ ያሳለፍኩት ነገር የለም አለ። ሲስተር የመኪናውን በር ከፈቱ፣ እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ተቀመጡ፣ አዩትና ዝም አሉ።

አብዲ ሞተሩን አጠፋ። ጠባቂው ምን ይጠብቃሉ አለ። ዝም። እኔ ሥራ ላይ ነኝ አለ። ዝም። ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሦስት ወር ሆነኝ፤ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል» አላቸው። ሳሉን፣ አክታው ላይ ያየውን ደም፣ ከሥራ ያስወጡኛል ብሎ ለሚስቱም አለመናገሩን ሁሉ ነገራቸው። ሲስተር የት ሄዶ አክታውን እንደሚያስመረምር፣ ሚስቱንና ልጆቹንም ይዞ እንዲሄድ፣ በሽታው መድኃኒት እንዳለው ነገሩት። ሰኞ እንደሚሄድ አስምለውታል።

ጠባቂው ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት ኪሱ ውስጥ ማኅተሙን ፈልጎ አወጣ። «ታይቷል» የሚል ማኅተም ነው። መታበትና አሳለፈን።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አሰበ ተፈሪ

ሲስተር መናኸሪያው ላይ ወደ ቦርደዴ የሚሄድ መኪና አገኙ። ምን ልስጥዎት ብዬ ግራ ገባኝ፤ ሳሙናዬን ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝና «የሰናይት እናት፣ ሁለተኛ ሐኪም ቤት ስትሄጂ ልጅሽን ሳታጥቢ ውሰጃት» አሉኝ። መኪናው ሲነሣ እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

ሰናይትን አዝዬ ወደ ሰፈራችን አቀናሁ። በሰላም ቤት እስክንገባ ድረስ ልደሰት አልፈለግኩም። አፍንጫዋስ ቢያመረቅዝ፣ በግራውስ በኩል ሌላ ቢኖር እያልኩ መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። የግቢያችን በር ጋ ስንደርስ ጀርባዬ ላይ ተንጠራራች።

«እማ፣ ሽሮ አሯል» አለችኝ።

እኔ ምንም አልሸተተኝም። ደክሟት ነው አልኩ። በሩን ገፋሁ። ምንም። ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ስገባ ደረሰኝ። ተፈራ ድስት ጥዶ ግድግዳ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ከድስቱ ጥቁር ጭስ ይወጣል።

ልጄን አወረድኳት። ድስቱን ለማውረድ መሮጥ ነበረብኝ፤ አልሮጥኩም። ሰናይት በሁለት ጣቶቿ አፍንጫዋን ግጥም አድርጋ ይዛ፣ ፊቷን አጨማዳ፣ «ይሸታል» እያለች አባቷን ስትቀሰቅስ ቆሜ አያታለሁ።